ሚዛን በሰው እጅ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ በነሐሴ ማብቂያ አንድ ጉማም ከሰዓት በኋላ፤ ልብስ ሰፊዋ ሉባባ በተማሪዎች ዩኒፎርም ተከባ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ባሏ ይመር፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዘይት ያለበት ጎድጓዳ ሳህን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

ሉባባ፦ አላሞቅም አልኩህ እኮ ይመር! ስንት ጊዜ ልበለው? አላሞቅም።

ይመር፦ አሥር ሰዓት እየሞላ ነው እኮ የምልሽ። አሥር ሰዓት ካለፈ ወገቤን ነፋሱ ይይዘዋል።

ሉባባ፦ ይያዘው! በነሐሴ፣ ደሴ ላይ፣ ነፋስ ያልያዘው ማን አለ?

ይመር፦ የውጭውን አይደለም፤ የውስጡን ነው። ስንቴ አስረዳሁሽ? ሰው በሦስት ነገር ነው የቆመው፤ በነፋስ፣ በእሳት፣ በጭቃ። እኔ ላይ ነፋሱ ይበዛል። ነፋስ የበዛበት ሰው መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ የደረቀ ነገር ደግሞ ዘይት ይፈልጋል። ሞተር በይው።

ሉባባ፦ እንግዲያው ጋራዥ ውሰደው። እኔን ስልሳ ኮሌታ ይጠብቀኛል። ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።

ይመር፦ ሩብ ሰዓት ናት እኮ። ወገቤንና እግሬን ብቻ።

ሉባባ፦ የጠዋቱስ? የጠዋቱ ሩብ ሰዓት የማን ነበር?

ይመር፦ የጠዋቱ የመላ ሰውነት ነው፤ እሱ ሌላ ነው። አዩርቬዳ፣ የህንዶቹ ሕክምና እኮ ውጠሽ የምትረሺው ክኒን አይደለም፤ የኑሮ ሥርዓት ነው። ስትነሺ፣ ስትበይ፣ ስትተኚ…

ሉባባ፦ እሱን ለእኔ ትነግረኛለህ? ገና ሳይነጋ ተነስቼ ውሃ የማሞቀው እኔ። በመዳብ ኩባያ ያደረውን የማቀብልህ እኔ። ዘይት በአፍህ ይዘህ ስትጉመጠመጥ ሳፋ ይዤ የምቆመው እኔ። ከዚያ ማሸት። ከዚያ ማሾና ሩዝ፣ እርድና ዝንጅብል፣ በየዕለቱ አዲስ! የትናንት ወጥ አይነካም፤ ሞቷል፣ ነፍስ የለውም ብለሃላ። የሞተውን ወጥ ማን እንደሚበላው ጠይቀህ ታውቃለህ? እኔ ነኝ፤ ቆሜ፣ ከድስቱ፣ በቀዝቃዛው።

ይመር፦ ለሱብሂ ሶላት መነሳታችን እንደሆነ አይቀር። እግረ መንገዳችንን ነው።

ሉባባ፦ ለሱብሂ የምነሳው ለጌታዬ ነው። እሱ ሲያመኝ ቁጭ ብለሽ ስገጂ ይለኛል። አንተ ግን እንዲህ ብለህ አታውቅም።

ይመር፦ አሁን ይሄ ምን የሚያናድድ ነገር አለው?

ሉባባ፦ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ ረዳት ነበረህ። ጎማ ሲፈነዳ የሚወርደው ረዳቱ፣ ጣራ ላይ ዕቃ የሚጭነው ረዳቱ፣ መኪናው ጭቃ ሲይዘው ድንጋይ የሚያቀርበው ረዳቱ። ጡረታ ወጣህና ረዳቱ ቀረ። በእሱ ቦታ እኔን ተካህ።

ይመር፦ ረዳት ሾፌሩ ላይ እንዲህ አይጮኽም።

ሉባባ፦ ረዳትማ ቢሆን ዓመት ሳይሞላው ጥሎህ ይወርድ ነበር!

ይመር፦ ሉባባ፣ ትንሽ ተንፍሺ። ቀኝ አፍንጫሽን በአውራ ጣትሽ ይዘሽ በግራው ቀስ ብለሽ አስገቢ…

ሉባባ፦ ይመር! አፍንጫዬን ተወው።

ይመር፦ ቁጣ የእሳት መብዛት ነው ብዬ እኮ ነው። የሚያበርድ ነገር ብትበዪ፣ ኪያር ብትበዪ…

ሉባባ፦ ቁጣዬ ከኪያር ማነስ የመጣ መሰለህ? የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ማሾህን በሳህን ቋጥሬልህ ስሄድም ኪያር አንሶኝ ነበር? ሰው ጮማ ሲቆርጥ አንተ ፀሐይ ጠልቃለች ብለህ አፍህን ገጠምክ፤ ሽማግሌዎቹ ቂም ይዞብን ነው ብለው ተነሱ። እኔ ነኝ በየወንበሩ ዞሬ፣ ቂም አይደለም፣ ህንድ ሄዶ ነው፣ ህንድ ሄዶ ነው እያልኩ ያስታረቅኩህ።

ይመር፦ ህንድን አትንኪብኝ። አንቺ ራስሽ አልሐምዱሊላህ ያልሽበት ነው። ወልዲያ ላይ ከመሪዬ በሰው ሸክም ሲያወርዱኝ፣ አራት ወር እዚህች አልጋ ላይ እንደ ግንድ ስጋደም ረሳሽው?

ሉባባ፦ ያገላበጥኩህ እኔ፣ እንዴት ልርሳው? የወንድምህ ልጅ ህንድ ድረስ ይዞህ ሄዶ፣ ሃያ አንድ ቀን ታሽተህ፣ በእግርህ ቆመህ ስትመለስ በግ አሳርጄ ሰደቃ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የህንዶቹን ጥበብ አልነቀፍኩም። ማሾውም ጥሩ ነው። በጊዜ መተኛቱም ጥሩ ነው። ምሳን አጥብቆ እራትን ማቅለሉም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለእኔም ሆድ ተስማምቶታል። እኔ የተናደድኩት በህንድ አይደለም። በአንተ ነው።

ይመር፦ እኔ ምን አጠፋሁ? ያገኘሁትን ለሰው ላካፍል፣ ሰው ሁሉ ገላውና ልቦናው ይስማማለት ብዬ…

ሉባባ፦ ሰው ሁሉ! ጎረቤታችንን ፋጡማን፣ ለቅሶ ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ አንቺ ጭቃ ነሽ ያልካት ልቦናዋ እንዲስማማላት ነው?

ይመር፦ ተፈጥሮዋን ነው የነገርኳት! ጭቃ ማለት እኮ ምስጋና ነው። የረጋ፣ የሚሸከም፣ ታጋሽ ማለት ነው።

ሉባባ፦ ታጋሿ ሦስት ወር ደጃችንን አልረገጠችም! የመስጊዱን ዘበኛ ምላስህን አውጣ ብለህ በአደባባይ አየኸው። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ አንተን ሲያይ በጓሮ መውጣት ጀምሯል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች።

ይመር፦ ይሳቁ። የዘበኛው ቃር ግን ለቀቀው ወይስ አልለቀቀውም?

ሉባባ፦ ለቀቀው።

ይመር፦ አየሽ!

ሉባባ፦ አየሁ። ዓይንህ ያን ያህል የሚያይ ከሆነ ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔስ?

ይመር፦ አንቺስ ምን?

ሉባባ፦ እኔስ ምንድን ነኝ? ነፋስ ነኝ? እሳት ነኝ? ጭቃ ነኝ?

ይመር፦ አንቺማ… አንቺ እንግዲህ… ቅልቅል ነሽ።

ሉባባ፦ ደብተርህን አይቼዋለሁ።

ይመር፦ የቱን ደብተር?

ሉባባ፦ የሰዉን ሁሉ ተፈጥሮ የምትጽፍበትን። ፋጡማ አለች። ዘበኛው አለ። ልጃችን ኢክራም ኮምቦልቻ ሆና፣ በስልክ ተጠይቃ ተመዝግባለች። የጎረቤት ድመት እንኳ አለች፤ እሳት ብለህ ጽፈህላታል። ገጽ በገጽ አገላበጥኩት ይመር። እኔ የለሁበትም።

ይመር፦ አንቺ ደህና ነሻ! ደህና ሰው ምን ይጻፍለታል?

ሉባባ፦ ደህና መሆኔን ማን ነገረህ?

ይመር፦ ትሠሪያለሽ፣ ትወጪያለሽ፣ ትገቢያለሽ። ሰው ሲመጣ ትስቂያለሽ።

ሉባባ፦ ማሽላም እያረረ ይስቃል።

ይመር፦ ምን ማለትሽ ነው? አሞሻል እንዴ?

ሉባባ፦ የመዳቡን ኩባያ የጣልኩ ዕለት ምን አልከኝ?

ይመር፦ የትኛው ዕለት?

ሉባባ፦ ልክ ነህ፤ ብዙ ቀን ነው የጣልኩት።

ይመር፦ ሐሳብሽን ሰብስቢ ነው ያልኩሽ። ሐሳብ ሲበተን እጅ ይስታል።

ሉባባ፦ ሐሳቤ አልተበተነም። ኩባያው እጄ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ጣቶቼ አይሰሙኝም ይመር። አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴ፣ የመሐሉ። ከሰኔ ጀምሮ።

ይመር፦ አይሰሙኝም ማለት?

ሉባባ፦ የሰው ጣት የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይነዱና ያባንኑኛል፤ ተነስቼ እንደ እርጥብ ጨርቅ አራግፋቸዋለሁ። ትናንት ጠዋት ነጭ ኮሌታ እየሰፋሁ ጨርቁ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ከየት መጣ ብዬ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ። መርፌው ጣቴን በስቶ በወዲያ በኩል ወጥቷል። ደሙን ነው ያየሁት፤ ሕመሙን አልሰማሁትም።

ይመር፦ ታዲያ ይሄ ጣትሽ ላይ የጠቀለልሽው ጨርቅ… ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ ቆረጠኝ አላልሽኝም?

ሉባባ፦ አልኩህ። አመንከኝም። ሽንኩርት ልቦናን ይረብሻል ብለህ ከዚህ ቤት ካስወጣኸው ስምንት ወር ሆኖታል! የምን ሽንኩርት ብለህ እንኳ አልጠየቅክም።

ይመር፦ ያረቢ… ቆይ፣ ቆይ። መደንዘዝ ነው ያልሽው? ይሄ እኮ ንጹሕ ነፋስ ነው! እጅሽን አምጪ፣ ዘይቱ እንደሆነ እዚሁ አለ፣ ትንሽ ዝንጅብል ጨምረን…

ሉባባ፦ እንዳትነካኝ!

ይመር፦ ላግዝሽ ብዬ ነው።

ሉባባ፦ አሁን ደግሞ እጄ የደብተርህ ሊሆን ነው? ሁለት ዓመት አጠገብህ የነበረ እጅ ዛሬ ነፋስ የሚል ስም ሲያገኝ ታየህ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ይመር፦ እሺ። እሺ። ይኸው ሳህኑን አስቀመጥኩት። ግን ለምን አልነገርሽኝም? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።

ሉባባ፦ መቼ ልንገርህ? ጠዋት ስትጉመጠመጥ? ስትታሽ ዓይንህን ጨፍነህ ዝም በይ፣ ልቦናዬ እየረጋ ነው ስትለኝ? ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከባድ ወሬ እንቅልፍ ይነሳል ስትለኝ? አንተ ዘንድ ለእኔ ሕመም የተመደበ ሰዓት የለም።

ይመር፦ ቢያንስ ለኢክራም ብትነግሪያት።

ሉባባ፦ ኢክራም ታውቃለች። ጤና ጣቢያ ሂጂ ያለችኝ እሷ ናት። ትናንት ሰሊጥ ልገዛ ብዬ የወጣሁት እዚያ ነው።

ይመር፦ ብቻሽን?

ሉባባ፦ ብቻዬን። አንድ ወጣት ሐኪም የእጄን አንጓ መታ መታ አደረገና፣ ነርቩ እዚህ ጋ ተጭኗል አለኝ። ስፌቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌላስ በእጅሽ የምትሠሪው ከባድ ነገር አለ? ሲለኝ፣ ባሌን በቀን ሁለት ጊዜ አሻለሁ፣ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። አቁሚ አለኝ። ስፌቱንም ቀንሺ፣ ማሸቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ፤ ቸል ካልሽው ይሄ እጅ ላይመለስ ይችላል አለኝ።

ይመር፦ ላይመለስ?

ሉባባ፦ ላይመለስ። ሰውየው ራሱን ማሸት አይችልም ወይ? ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?

ይመር፦ ምን አልሽው?

ሉባባ፦ ተከራከርኩልህ! አይሆንም፣ ሕክምናው በሌላ ሰው እጅ ካልሆነ አይሠራም፤ የህንዷ ሐኪም እንዲህ ብላ ነው ያዘዘችው አልኩት። አንተ የነገርከኝን፣ ቃል በቃል። ልጁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ተናድጄበት ወጣሁ። ደግሞ እኮ በእሱ ነው የተናደድኩት!

ይመር፦ ሉባባ።

ሉባባ፦ ምነው? ፊትህ ምን ሆነ?

ይመር፦ ዶክተር ሱሺላ እንዲያ አላለችም።

ሉባባ፦ ምን አለች ታዲያ?

ይመር፦ የምመለስ ዕለት ጠራችኝ። የወንድሜ ልጅ አስተረጎመ። እዚህ እኛ አሸንህ አለች። አገርህ ስትገባ አንድ ወር ሰው ያግዝህ፤ ከዚያ በራስህ እጅ ታሻለህ አለች። መድኃኒቱ ዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ሰው በየጠዋቱ ገላውን በገዛ እጁ ዳስሶ፣ የት እንደደረቀ፣ የት እንደከበደው ማወቁ ነው መድኃኒቱ አለች።

ሉባባ፦ አንድ ወር።

ይመር፦ አንድ ወር።

ሉባባ፦ እኔ ሁለት ዓመት ነው የሆነኝ።

ይመር፦ አውቃለሁ።

ሉባባ፦ እጅህ ወገብህ ጋ ይደርሳል?

ይመር፦ ይደርሳል።

ሉባባ፦ እግርህስ ጋ?

ይመር፦ ይደርሳል።

ሉባባ፦ እያወቅክ? እያወቅክ ነው? ጣቴን ስነክስ፣ እጄን ሳራግፍ፣ አንተ እዚያ ተጋድመህ፣ ከፍ አድርጊው፣ ዝቅ አድርጊው፣ ጠበቅ አድርጊው ስትለኝ፣ ሁሉንም እያወቅክ?

ይመር፦ እጅሽን አላወቅኩም። ወላሂ እጅሽን አላወቅኩም። ሐኪሟ ያለችውን ግን አውቅ ነበር።

ሉባባ፦ ስንፍና ነው? ንገረኝ፤ ስንፍና ከሆነ እንኳ ይገባኛል። ሾፌር መሪ እንጂ ሌላ መያዝ አይወድም እልና እተወዋለሁ።

ይመር፦ ስንፍና አይደለም።

ሉባባ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ይመር፦ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።

ሉባባ፦ የሚስቅ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ይታይሃል?

ይመር፦ ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ነበርኩ። እዚህ ቤት በሳምንት ሁለት ሌሊት ባድር ነው። ስገባ መኪናሽ ላይ ነሽ፤ ስወጣ መኪናሽ ላይ ነሽ። አልወቅስሽም፤ ልጆች ያደጉት በእሱ ነው። ብቻ እኔና አንቺ ደህና ዋልሽ፣ ደህና ዋልክ ተባብለን ነው ያረጀነው። የታመምኩ ጊዜ ነው እጅሽን ያወቅኩት። ስታገላብጪኝ ታወሪኝ ነበር። ስለ እናትሽ፣ ስለ ሐይቅ ከተማ፣ ልጅ ሆነሽ ከሐይቁ ዳር ስለሰረቃችሁት ታንኳ። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን ያን ታንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያንን አራት ወር፣ ወገቤ እየተቆረጠ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከህንድ ድኜ ስመጣ ደግሞ ፈራሁ።

ሉባባ፦ ምን ፈራህ?

ይመር፦ ዳነ ብለሽ እንዳትተዪኝ ነዋ። አንድ ወሩ ሲያልቅ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። አንቺ ደግሞ እየደከመሽ መጣ፤ ወሬው ቀረ፤ ዝም ብለሽ ማሸት ሆነ። ወሬው ሲቀርብኝ እኔ ሥርዓቱን አበዛሁት። ኩባያ ጨመርኩ፣ የከሰዓቱን ጨመርኩ። አንቺን እዚህ ለማቆየት ሌላ ዘዴ አላውቅም ነበር።

ሉባባ፦ ለምን አልጠየቅከኝም?

ይመር፦ ምን ብዬ?

ሉባባ፦ ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ ብለህ! አራት ቃል ናት። መኪናውን አጥፍቼ እመጣ ነበር። ያለ ዘይት፣ ያለ ማሾ፣ ያለ ህንድ እመጣ ነበር!

ይመር፦ በስልሳ ዓመቴ? በዚህ ሽበት? ያሳፍራል እኮ።

ሉባባ፦ በስልሳ ዓመቱ ደጅ ቆሞ ምላሱን በመዳብ የሚፍቅ ሰው ይሄኛው አሳፈረው!

ይመር፦ እውነትሽን ነው።

ሉባባ፦ እውነቴን መሆኑ ምን ያደርግልኛል? ይሄ እጅ እኮ እንጀራዬ ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ትናንት የፋጡማን ልጅ ጠርቼ ነው ያስገባሁት። አንተ ሚዛኔ ተስተካከለ እያልክ በሰፈር ታወራለህ። ተስተካከለልህ፤ የጎደለህን ከእኔ ላይ እየቀነስክ ሞላኸው።

ይመር፦ አፉ በይኝ።

ሉባባ፦ ዛሬ አይሆንም። ዛሬ አፉ ብልህ ከአንገት በላይ ነው። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም።

ይመር፦ እሺ። እጠብቃለሁ።

ሉባባ፦ ጠብቅ። መጠበቅን እኔም ችዬዋለሁ።

ይመር፦ እነዚህ ኮሌታዎችስ? አቁሚ ከተባልሽ ለምን መኪናው ላይ ነሽ?

ሉባባ፦ ሰው አዞኝ ቃል ገብቻለሁ። ግማሹን ለሰፈራችን ልጅ ለሐሊማ ሰጥቻታለሁ፤ እሷም መስፋት ታውቃለች። የቀረውን ቀስ እያልኩ ነው።

ይመር፦ የቀረውንም አሁን እወስድላታለሁ። ወገቤ ደህና ነው፤ እሸከማለሁ። ሐኪሙ ሌላ ምን አለሽ?

ሉባባ፦ ለሆስፒታል ጻፈልኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት። አይተውት ምናልባት አንጓዬን ይከፍቱታል። ወረቀቱ እዚያ ጨርቁ ሥር ነው፤ አንተው አንብበው።

ይመር፦ ቆይ መነጽሬን… ይኸው። የታካሚ ስም፣ ሉባባ እንድሪስ። ዕድሜ፣ ሃምሳ አራት። ቀኝ እጅ። ቀኙ ነው ለካ። አብሮ የሚመጣ ተጠሪ ስም… ይሄ ባዶ ነው።

ሉባባ፦ ባዶ ነው።

ይመር፦ ለእኔ ብለሽ ነው የተውሽው?

ሉባባ፦ አይደለም። ኢክራም ብዬ ልጽፍ ነበር። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ሁለቴ አነሳሁት፣ ሁለቴ ወደቀ።

ይመር፦ እስክሪብቶ ይኸው እዚህ አለ። ኢክራም ብዬ ልጻፍልሽ?

ሉባባ፦ እስክሪብቶውን የያዝከው አንተ ነህ ይመር። እያየሁህ ነው፤ ጻፍ።